አልፈራህም በለው

ሰይጣንን በማይክሮፎን የሚገሥጽ፣ የቀበሌ ነገር ሲነሳ ግን ድምፁ የሚጠፋ ጴንጤ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ብቅ በሉና እኔን እዩኝ። ፖለቲካ ሲነሳ «ይሄ የዓለም ነገር ነው» እላለሁ። ፍርሃቴን መንፈሳዊ ልብስ ማልበሴ ነው እንግዲህ፤ ምን ላድርግ?

ባለፈው እሑድ ሰባኪያችን ስለ ፍትሕ ሰበከ። ስለ ፍትሕ! ቬንትሌተሩ ራሱ ደንግጦ የቆመ መሰለኝ። ጭራሽ እንደ ልማዳችን፣ «ጎንህ ላለው ሰው ‹እውነቱን እናገራለሁ፣ አልፈራህም!› በለው» አለ።

ዞር ስል ጎኔ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? በቅርቡ ጌታን የተቀበሉት የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ጋሽ ታደሰ!

ላቤ የድሬን ሙቀት አስናቀ። ጉባኤው በሙሉ እየጮኸ እኔ ዝም ብል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... አልፈራዎትም» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ጋሽ ታደሰ ግራ ቀኛቸውን አዩ።

«አቦ ቀስ በል!» አሉኝ። «ማን እንደሚሰማን ታውቃለህ?»

እስከዚያ ቀን የምፈራው እሳቸውን ነበር። እሳቸው ማንን እንደሚፈሩ ግን አላወቅኩም። ስለዚህ አሁን «አሜን» የምለውም ግራ ቀኝ አይቼ ነው።