ክዳኑ አልተዘጋም

የቢሮ ፕሪንተር ሲቆም ለምን እንደቆመ በግልጽ ነግሯችሁ ያውቃል? እኔን ነግሮኝ አያውቅም። ወረቀት ጠግቦ ሳለ «ወረቀት የለም» ይላል፤ ወይም አንድ ቁጥር ወርውሮ ዝም። በሰው አገር፣ በቢሮ ሥራ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ እንደ ፕሪንተር ሁሉን እያወቀ ግማሹን የሚናገር ደራሲ ግን አልገጠመኝም። አልፈርድበትም። እኔ ግማሹንም አልተናገርኩም።

በደርግ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ ጸሐፊ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት አንድ የጣሊያን ማባዣ ማሽን ነበረን። የሚያሠራው ጋሽ ሄራሞ የሚባል በአቅራቢያው ካለችው ፎንቆ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ከተዘጋበት ወዲህ እሑድ እሑድ የት እንደሚውል ይጠየቃል። የአብዮት በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መፈክሩ ሳይባዛ ማሽኑ ቆመ። ቀይ መብራት በራ፤ ከሥሩ በባዕድ ቋንቋ አንድ አጭር ጽሑፍ።

ሌላ ቦታ ቢሆን ማሽኑን ይነካኩታል። እኛ ስብሰባ ጠራን። ጽሑፉ ፊደል በፊደል ቃለ ጉባኤው ላይ ተገለበጠ (ገልባጯ እኔ ነኝ)፤ ከዚያ ሂስ ተከፈተ።

«ጓድ ሄራሞ፣ ይህ መብራት ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቀይ ነው፣ ጓድ።»

«ቀለሙን ማን ጠየቀህ! ቀይ ሲሆን ሥራ ይቆማል ነው የምትለን?»

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ወደ ሳል ለወጠው። «አሻጥር» የሚል ቃል ከወንበር ወንበር መዞር ጀመረ። ያ ቃል በዚያን ጊዜ ሰው ይዞ ይሄድ ነበር።

«ይህን ማንበብ የሚችል አለ?»

እኔ እችል ነበር። «ክዳኑ አልተዘጋም» ነው የሚለው፤ ሌላ ምንም አይልም። ጣሊያንኛውን ያስተማሩኝ ክሊኒክ የነበራቸው የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው፤ ተማሪ ሳለሁ ለበሽተኞች አስተረጉምላቸው ነበር። እነሱ ግን ተባርረዋል፤ ከእነሱ ጋር የዋለ ሁሉ «የኢምፔሪያሊስት ጆሮ» ተብሏል። ቢሆንም አፌን ከፈትኩ።

«ማንም አያነበውም» አለ ጋሽ ሄራሞ፣ ቀድሞኝ።

አፌን ዘጋሁ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልደብቃችሁም።

በማግሥቱ ወሰዱት። በሦስተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣ ቴክኒሻን የኋላውን ክዳን በመዳፉ ጫን ቢያደርገው ማሽኑ ሠራ፤ ሰውየው ስቆ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። «አሻጥር» ብሎ የመዘገበውን ቃለ ጉባኤ የሚያርም ግን አልተገኘም። ጋሽ ሄራሞ ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ለአንድ ወር አገሬ ገብቼ ፎንቆ ገበያ በርበሬ ሲሸጥ አገኘሁት። ያኔ ጽሑፉን ማንበብ እችል እንደነበር ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስታምጥ ለመነኮሳቱ ያስተረጎምሽው አንቺ አይደለሽም? አፍሽን ስትከፍቺ አየሁ፤ ሁለታችንን ከሚወስዱን እኔን ብቻ ይውሰዱኝ ብዬ ነው።» በርበሬውን እየመዘነ፣ «ለመሆኑ ጽሑፉ ምን ይል ነበር?» አለ።

ነገርኩት።

«የፊቱን ዘግቼው ነበር» አለ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ፕሪንተሩ ሲቆም ሰው ሁሉ ቁልፎቹን ይደበድባል። እኔ ዞሬ የኋላ ክዳኑን በመዳፌ ጫን አደርገዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋ ነው።