የደስታ አስተባባሪ ኮሚቴ

ሰው ዘመዱን ሰብስቦ መደሰት ከጀመረ ጊዜ አንስቶ በዓለም ላይ የታየው ትልቁ ጉድለት የሰነድ እጥረት ነው። ስንት አያት ስንት የልጅ ልጅ ታቅፋ፣ ስቃ አለፈች፤ የተሳቀበት ሰዓት፣ የሳቁት ሰዎች ብዛት፣ ሳቁ የፈጀው ደቂቃ ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። ይህን ዘመናት ያስቆጠረ ክፍተት የደፈነው የእኔ አጎት ነው። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ በመያዝ የበኩሌን ስላበረከትኩ፣ ታሪኩን ለትውልድ ማስተላለፍ ግዴታዬ ሆኗል።

አጎቴ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የእቅድና ክትትል አገልግሎት ኃላፊ ሆኖ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። በእሱ ዘመን በዚያ መሥሪያ ቤት ያለ እቅድ የተሠራ አንድም ሥራ የለም። በእቅድ የተሠራም የለም የሚሉ ምቀኞች አሉ። ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ አጨብጭበው፣ የጠረጴዛውን ደወል በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ሸኙት። ቤቱ ገብቶ ሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጁም አግብታ ወጥታለች፤ ስለዚህ የሚሰበስበው ሰው አልነበረም። በሦስተኛው እሁድ ወደ አያቴ ቤት መጣ።

አያቴ የእሱና የእናቴ እናት ናት፤ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ስለነበረች፣ እስከ ዛሬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ መሃል መግባትን እንደ መብቷ ነው የምታየው። እሁድ እሁድ እሷ ቤት እንሰበሰብ ነበር፤ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ አጀንዳ፣ እንዲሁ በዘፈቀደ። ልብስ ሰፊዋ እናቴ የሰው ቀሚስ እያጠበበች የቀሚሱን ባለቤት ታማለች። የአጎቴ ልጅ፣ ነርሷ፣ የሁላችንንም የደም ግፊት ትለካና ሁላችንንም ትቆጣለች። ባሏ፣ የታክሲ ሾፌሩ፣ መሃሉ የሰረገው ሶፋ ላይ አፉን ከፍቶ ይተኛል። የአምስት ዓመት ልጃቸው «ለምን?» ብላ ሳትጠይቅ ውሃ እንኳ ስለማትጠጣ ለምኔ እንላታለን፤ እሷ ደግሞ በተኛው አባቷ ሆድ ላይ የሸሚዝ ቁልፎች ትደረድራለች።

አያቴም ሟቹ ባሏ ሊያጫት የመጣበትን ቀን ታወራለች። በተዋሰው ብስክሌት ሲመጣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት የጎረቤት ልብስ የተሰጣበት ገመድ ውስጥ ገባ። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምተነዋል። በየጊዜው ቁልቁለቱ ይረዝማል፤ ሰውየው የሚጠቀለልበት አንሶላም ይበዛል። እኛም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ እንስቃለን።

አጎቴ ያን እሁድ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ለሁለት ሰዓት ያህል ተመለከተን። ከዚያ ተነሳና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህ ቤተሰብ እየተደሰተ ነው» አለ።

«ተመስገን ነው» አለች እናቴ።

«ቆይ። መደሰቱን በምን እናውቃለን?»

እናቴ መርፌዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ስንስቅ ይሰማል እኮ» አለ ሾፌሩ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ሳቅ ውጤት አይደለም፤ ተግባር ነው! ግቡ የታለ? ማነጻጸሪያው የታለ? ካለፈው እሁድ በስንት በመቶ ተሻሻልን?»

መልስ የሚሰጥ ጠፋ። መልስ ለጠፋለት ጥያቄ ኮሚቴ ማቋቋም ደግሞ የሠለጠነ ሰው ወግ ስለሆነ፣ የቤተሰብ ደስታ አስተባባሪ ኮሚቴ እዚያው ሶፋ ላይ ተመሠረተ። አጎቴ ሊቀመንበር ሆነ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ የሐኪም ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የቤተሰብ ጫጫታ መጻፍ አያቅተውም ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ። አያቴ የበላይ ጠባቂነት ተሰጣት።

«ደመወዝ አለው?» አለች።

«የለውም፤ የክብር ነው።»

«እንዲህ ያለውንማ አንተን ከወለድኩ ቀን ጀምሮ ይዤዋለሁ።»

በሳምንቱ ፕሮግራሙ በላስቲክ ተለብጦ ግድግዳው ላይ፣ ከአያቴ የሰርግ ፎቶ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ሰባት ሰዓት መግቢያና ፊርማ። ሰባት ከአሥር የመክፈቻ ንግግር። ሰባት ከአርባ የትውልዶች ትውውቅ። ስምንት ሰዓት ምሳ። ስምንት ተኩል ትዝታ፣ በአያት፣ ሰባት ደቂቃ። ቀጥሎ ሳቅ፣ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ አስተያየትና ማጠቃለያ።

አያቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከኩሽና ስትወጣ ሰባት ከስድስት ሆኖ ነበር።

«ስድስት ደቂቃ ዘግይተዋል» አላት አጎቴ።

አያቴ ማን መጣ ብላ ወደ ኋላዋ ዞር አለች።

«እርስዎን ነው» አላት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? እናትህ እኮ ነኝ።»

«ስብሰባ ላይ ነን፣ እማዬ... ይቅርታ፣ ክብርት የበላይ ጠባቂ። ስብሰባ ላይ አንቺ አይባልም። ለመዘግየትዎ ምክንያት ይኖርዎታል?»

«ምሳችሁን እየሠራሁ!»

«ይመዝገብ» አለኝ። «ቤተሰባዊ ጉዳይ» ብዬ መዘገብኩ።

የመክፈቻው ንግግር ሠላሳ ደቂቃ ፈጀ። አጎቴ ቤተሰብ የሚለውን ቃል ሃምሳ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ አንድም ጊዜ ግን ወደ እኛ አላየም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነበር። በትውውቁ ሰዓት እያንዳንዳችን ተነስተን ከየትኛው ትውልድ እንደሆንን እንድንገልጽ ተጠየቅን። አያቴ ቆማ፣ «የዚህ ሰውዬ እናት ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ተቀመጠች። ለምኔ «ለምን?» አለች። ጥያቄዋ በአስተያየት ሰዓት እንደሚስተናገድ ተገለጸላት።

ከምሳ በኋላ አያቴ ትዝታዋን ጀመረች። ብስክሌቱ ቁልቁለቱን ያዘ። ፍሬኑ እምቢ አለ። ሟቹ ሁለት እግሩን ወደ ላይ አነሳ። ጎረቤቲቱ «ኧረ አንሶላዬን!» ልትል አፏን ስትከፍት አጎቴ ደወሉን መታው።

«ሰዓት!»

«አባትህ ገና አልወደቀም እኮ!»

«በሚቀጥለው ሳምንት ይወድቃል። አሁን የሳቅ ሰዓት ነው።»

ሳቅን። የመጀመሪያውን ደቂቃ ሾፌሩ ብቻውን ሸፈነ። ሁለተኛውን እናቴና ነርሷ ተጋሩት። በሦስተኛው ለምኔ ደንግጣ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ከፍተኛ ስለነበር በአፈጻጸሙ ውስጥ ተካቷል።

በሚቀጥለው ሳምንት ንግግሩ ስለረዘመ ትዝታው ታለፈ። በሦስተኛው ሳምንት የሁለቱ ሳምንታት ግምገማ ስለነበር እንደገና ታለፈ። እንዲህ እያለ ሟቹ ወንድ አያቴ ሁለት እግሩን ሽቅብ እንዳነሳ ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየ። «ሰውን እንዲህ አንጠልጥሎ ማቆየት ግፍ ነው» አለች አያቴ። አስተያየቷ ገንቢ ሆኖ ተገኝቷል።

በአራተኛው ሳምንት ደብዳቤዎች መምጣት ጀመሩ። ነርሷ ተረኛ ነኝ ብላ ጻፈች። ሾፌሩ መኪናዬ ተበላሽቷል ብሎ ጻፈ፤ ደብዳቤውን ያመጣው ግን በዚያችው መኪና ነው። እናቴ «በሥራ ብዛት» አለች፤ ስለ ሥራው ዓይነት ዝርዝር አልሰጠችም። ከሁሉም የከበደው የአያቴ ነበር። እሷ እየነገረችኝ በእጄ የጻፍኩት ስለሆነ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

«ለሰማንያ ስድስት ዓመት ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ስላለኝ፣ ከፊታችን እሁድ ጀምሮ እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

አጎቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ደነገጠ። እጁ ግን የለመደውን ሠራ። «የዓመት ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ አይጠራቀምም» ብሎ ጻፈና ሁለት እሁድ ፈቀደላት። አያቴም ፈቃዷን ከቤቷ ውጭ ለማሳለፍ ቁልፉን ለእኔ ሰጥታ፣ በዚያች በተበላሸች መኪና ሄደች።

በዚያ እሁድ በአያቴ ቤት የተገኘነው አጎቴና እኔ ብቻ ነበርን። ምልዓተ ጉባኤ ባይሟላም ስብሰባው ተከፈተ። ንግግሩን ሙሉውን ለእኔ አደረገልኝ። ተዋወቅን። እሱ ከሁለተኛው ትውልድ፣ እኔ ከሦስተኛው። የገዛነውን ደረቅ ዳቦ በላን። የሳቅ ሰዓት ሲደርስ ሰዓቱን አየና ጀመረ፤ እኔም ተከተልኩት። ሁለት ወንዶች ባዶ ሶፋ ፊት ለፊት ተቀምጠን «ሃ ሃ» አልን። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አቆመ።

«አንተ» አለኝ፣ ድምፁ ወርዶ። «የት ሄዱ?»

አውቅ ነበር። እናቴ ነግራኛለች፤ እንዲያውም እሱን ይዤ እንድቆይ የተመደብኩት እኔ ነኝ። አንድ ጸሐፊ ያልተጠየቀውን አይናገርም። ተጠየቅኩ እንግዲህ። ደግሞ የጃኬቱን እጅጌ ሲጎትት አየሁት።

«የእናቴ ሱቅ ውስጥ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

የእናቴ ልብስ ስፌት ቤት የብረት መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዶ ነበር። ከሥሩ ሳቅ እየወጣ መንገድ ላይ ይሰማል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ሾፌሩ ጨርቅ ክምር ላይ ተዘርግቷል። ለምኔ እጅጌው ያልተገጠመለት የሙሽራ ቀሚስ ለብሳ ትዞራለች። ነርሷ የእናቴን ክንድ በግፊት መለኪያ ይዛለች። አያቴ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን አየር ላይ ዘርግታለች። ሁሉም ባሉበት ደረቁ።

«ለምን መጣ?» አለች ለምኔ።

ነርሷ አባቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። አያቴ ብቻ እጇን ሳታወርድ፣

«ተቀመጥ። አባትህ ሊወድቅ ነው» አለችው።

ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። ሟቹም ከብዙ ጥበቃ በኋላ ወደቀ። አሥራ አንድ አንሶላና አንድ የሌሊት ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ የጎረቤቲቱን ደጃፍ አልፎ፣ የአያቴ አባት እግር ሥር ተንከባሎ ደረሰና ከአንሶላው ውስጥ ሆኖ «ልጅዎን ፈልጌ ነበር» አለ። አጎቴ በመጀመሪያ በልማድ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። እንባው በአገጩ እስኪወርድ ሳቀ፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አልያዝኩም።

«ይሄን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም» አለ ሲበርድለት። «እሁድም ቢሮ ነበርኩ እኮ።»

እዚያው ጥቅል ጨርቅ ላይ እንዳለ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ኮሚቴውንም አፈረሰ። ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ። ነርሷ ግፊቱን ለካችው፤ ወርዷል።

ነፃ የወጣው ቤተሰብ ከእንግዲህ እሁድ እሁድ በእናቴ ሱቅ እንዲሁ ሊገናኝ ተስማማ፤ ያለ ፕሮግራም፣ ያለ ፊርማ። ሱቁ ግን ጠባብ ስለሆነ ማን የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት፤ እናቴ ቦታዎቹን በቾክ ቁጥር ጻፈችባቸው። ሻይ የሚያፈላው በተራ እንዲሆን ነርሷ የተራ ሰሌዳ አወጣች። ሾፌሩ፣ ለካ ነቅቶ ኖሯል፣ የስልክ ቡድን እንድንከፍት ሐሳብ አቀረበ፤ ጠዋት ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ስሙ እንዲለጠፍም ሕግ አወጣ። ሱቁ የእሷ ስለሆነ እናቴ ሊቀመንበር ሆነች። እኔ ልምድ ስላለኝ ጸሐፊ ሆኜ ቀጠልኩ። እናቴ አያቴን፣ «እማዬ፣ የብስክሌቱን ጨርሰነዋል፤ አዲስ ነገር አምጪ፤ ደግሞ አጠር ይበል፣ ደንበኛ ይመጣል» አለቻት።

አያቴ ሁለት እሁድ መጣች። በሦስተኛው እሁድ የእሷ ቦታ፣ አራት ቁጥር፣ ባዶ ሆነ። አጎቴም አልመጣም። ነርሷ ደወለችና ሁላችን እንድንሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«እማማ፣ የት ነሽ?»

«አባትሽ ቤት።»

«ምን እያደረጋችሁ?»

«ምንም። እሱ ድንች ይልጣል፣ እኔ አያለሁ። ለነገሩ መላጥ አይችልም፤ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ይጥለዋል።»

«ስለ ምን እያወራችሁ ነው?»

«ኧረ ዝም ብለን ነው። አንዳንዴ እንስቃለን።»

ከኋላ የአጎቴ ድምፅ ተሰማ፦ «ማን ነው፣ እማዬ?»

«ኮሚቴው ነው» አለችና ዘጋችው።

እናቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ከዚያ ሊቀመንበሯ ሁለቱ አባላት ያለ ፈቃድ በመደሰታቸው ማብራሪያ እንዲሰጡ የሚጠይቅ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዘችኝ። አዘጋጀሁ፤ ጥሩ ወጣ። «ማን ያድርሰው?» ስትል የሁላችንም እጅ ወጣ፤ የራሷም፣ የእኔም። ስለዚህ እጆቹን የቆጠረ ሰው የለም።