የአየር ግፊት ማመጣጠኛው ቀለበት

ታላቅ መሥሪያ ቤት የሚታወቀው ታሪኩን በሚጠብቅበት ጥንቃቄ ነው። ይህኛው አየር መንገድም ታሪኩን ከዝናብ በስተቀር ከሁሉም ነገር ይጠብቃል። መንገደኛ ጭኖ የበረረው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ያ ባለ አራት ፕሮፔለር ባለውለታ፣ ከጋራዡ ጀርባ ሣር ላይ ቆሟል። የአንደኛ ማዕረግ መቀመጫዎቹን እርግቦች ይዘውታል፤ ቅሬታ አቅርበው አያውቁም።

የምሥረታው በዓል ሲቃረብ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው መስኮታቸው አጠገብ ቆመው አውሮፕላኑን ቁልቁል እያዩ፣ «ታሪካችን ከነአካቴው ከመጥፋቱ በፊት ሞዴሉ ይሠራ!» ሲሉ አርቆ አሳቢ መመሪያ ሰጡ።

ሥራው ለአንዲት ጊዜያዊ ሠራተኛ ተሰጠ። ስለት ከእጇ ስለማይጠፋ፣ ምላሷም ከስለቱ ስለማያንስ፣ ባልደረቦቿ «ምላጭ» ይሏታል። ሞዴሉ «ከታሪክ ጋር ይጣጣማል» ተብሎ ከጸደቀ ቋሚ ትሆናለች። ካልጸደቀ የቅጥር ውሏ ከበዓሉ ጋር አብሮ ያበቃል።

እናቷ የምግብ ጠረጴዛቸውን ለክንፍና ለጭራ ካስረከቡ ሰንብተዋል።

«ልጄ አውሮፕላን ትሠራለች ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

«እማዬ፣ ሞዴል ነው እኮ!»

«እሱን አልነገርኳቸውም። ይልቅ ቋሚ መቼ ነው የሚያደርጉሽ?»

ለሥራው የታሪካዊ ዝርዝሮች አጥኚ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ምላጭ እጇን አወጣች።

«ሜትር ይዤ ልውረድና አውሮፕላኑን ልለካው?»

ኃላፊው በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «እህቴ፣ አውሮፕላኑን ዝናብ መትቶታል። ፀሐይ መትቶታል። እርግብም… ብቻ ብዙ ነገር ደርሶበታል። ስለ ራሱ ለመመስከር የሚያበቃ ይዞታ ላይ አይደለም።»

«ማስረጃ ማለት ፎቶ ነው፣ ጌታዬ!» አሉ የኮሚቴው አባል የሆኑት የማህደር ሹም።

ፎቶውም ነበረ። ከኃላፊው ወንበር ጀርባ ግድግዳውን ሞልቶ የተሰቀለ፣ አውሮፕላኑ በጉብዝናው ዘመን የተነሣው ፎቶ። ጥናቱ በእሱ ላይ ብቻ እንዲመሠረት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ምላጭ በምሳ ሰዓት ሹልክ እያለች አውሮፕላኑን ለካች። ቀጭን ቆርቆሮ ቆርጣ፣ ከጀርባው በመርፌ እየጠቀጠቀች የአውሮፕላኑን ቆርቆሮ የሚያያይዙትን ሪቬቶች መስመር አወጣች። ፕላስቲክ በሻማ አሙቃ እንደ ክር እየሳበች አንቴና ሠራች። መስኮቶቹን ከውሃ ጠርሙስ ቆረጠች። እያንዳንዱን ልክም «ከፎቶው የተወሰደ» እያለች አቀረበች። ኮሚቴው በፎቶው ጥራት እጅግ ተደነቀ፤ በተለይ ፎቶው ላይ የማይታየውን የቀኝ ጎን እንዲህ አጥርቶ በማሳየቱ።

ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር፣ ኃላፊው አጉሊ መነጽር እስኪገዙ ድረስ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ወደ ፎቶው ተጠግተው። ከአውሮፕላኑ በር ሥር ቡናማ ቀለበት ይታያል። ከቀለበቱም አንዲት ቀጭን መስመር ወደ ታች ወርዳለች። «ሞዴሉ ላይ የለም!»

«የሻይ ብርጭቆ ነዋ! የተቀመጠበት ምልክት ነው» አለች ምላጭ።

ሁሉም ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ዞሩ። የፎቶው መስታወት ተሰብሮ በነበረ ጊዜ ፎቶው አንድ ሰሞን ተጋድሞ የከረመው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሻይ የሚጠጣ ሌላ ሰው የለም።

«የማን ሻይ?» አሉ ኃላፊው በለሆሳስ።

«የአየር ግፊት ማመጣጠኛ ይመስለኛል፣ ጌታዬ» አሉ የማህደር ሹሙ ፈጠን ብለው። «መስመሯ ደግሞ የትርፉ ግፊት መውጫ ቱቦ ናት።»

ኮሚቴው ግኝቱን በጭብጨባ ተቀበለ። ምላጭ ግን ብድግ ብላ መጋረጃውን ገለጠች።

«ኑ እስቲ! ያውላችሁ አውሮፕላኑ። ከበሩ ሥር ቀለበት አለ?»

ኃላፊው ወደ መስኮቱ ቀርበው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ወድቆ ይሆናል» አሉ።

ምላጭ አፏን ከፈተች፤ እናቷ ትዝ አሏት፤ ዘጋችው። ከመዳብ ሽቦ ቀለበት ጠምዝዛ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ ከሞዴሉ በር ሥር ለጠፈችው። ቱቦዋንም አልረሳችም።

ችግሩ የክብር እንግዳው ነበሩ። አውሮፕላኑን ለዘመናት ያበረሩት ጡረተኛ ካፒቴን መጥተው ሞዴሉን አይተው ምስክርነት ሊሰጡ ነው።

«ስህተት ከተገኘ የሠሪው ነው» ሲሉ ኃላፊው የአሠራር መርሁን አብራሩላት። «ካልተገኘ የጽሕፈት ቤቱ ነው። ለማንኛውም ለጥንቃቄ ያህል አውሮፕላኑም ከሞዴሉ ጋር እንዲጣጣም ይደረግ።»

ፎቶው ላይ የብርጭቆ ቂጥ ያህል የነበረው ቀለበት በእውነተኛው መጠን ሲሰላ የጭነት መኪና ጎማ አከለ። ምላጭ መሰላል ላይ ወጥታ እርግቦቹ እያዩዋት ቀለበቱን በብሎን አሠረችው። ከታች የማህደር ሹሙ፣ «ወደ ግራ! ታሪክ ወደ ግራ ነው!» እያሉ አመራር ሰጡ።

በዓሉ ደረሰ። ካፒቴኑ በሴት ልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። ሞዴሉን ዞሩት። ቀለበቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቀና ብለው በመስኮቱ አውሮፕላኑን አዩ፤ እንደገና ሞዴሉን አዩ።

«ይኼን ነገር ማን ነው ያገኘው?»

ኃላፊው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ሠሪዋ ያቻትና!»

የካፒቴኑ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ስንት ጊዜ ከሞት አተረፈን!» አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ኃላፊው የሸሹትን እርምጃ ከነወለዱ መልሰው ወደ ፊት መጡ፣ «በጽሕፈት ቤታችን የቅርብ ክትትል የተገኘው ይህ ውጤት…» እያሉም ንግግራቸውን ጀመሩ። ሲጨርሱ የምላጭን የቋሚ ቅጥር ወረቀት እዚያው ሕዝብ ፊት ሊፈርሙ ተቀመጡና እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳስሱ ጀመር።

በዚህ መሐል ካፒቴኑ ምላጭን በክርኗ ስበው ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያ ክብ ነገር ምንድን ነው?»

«ካፒቴን! አሁን ከሞት አተረፈን አላሉም?»

«ምን ላድርግ? ያ ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ እኔ ብቻ አላስታውሰውም ልበል? የወለድኳት ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ መርሳት ጀምሯል ብላ ቤት ልትቆልፍብኝ ምክንያት ነው የምትፈልገው። ነበረ ወይስ አልነበረም? ንገሪኝና እፎይ ልበል።»

ምላጭ ዞር አለች። ኃላፊው እስክሪብቶ አግኝተዋል። ክዳኑን ነቅለው፣ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው፣ ወደ እሷ እያዩ ጆሯቸውን ቀስረዋል።

«የአየር ግፊት ማመጣጠኛ ነው፣ ካፒቴን» አለች ጮክ ብላ። «ያለ እሱ መብረር አይችልም ነበር።»

ካፒቴኑ ዞረው ልጃቸውን በዓይናቸው ፈለጉ።

«መርሳት መጀመሬን እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ።