ደረቅ መሆኑ ተረጋግጧል

ዝናብን ገበሬ ይለምነዋል፣ ካህን ይጸልይለታል፣ መንገደኛ ይሸሸዋል። በስብሰባ ያሸነፈው ግን በአስመራ ከተማ ውስጥ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ስሙን ባንጠራው ደስ ይለዋል፤ ትሑት መሥሪያ ቤት ነው። ድሉ የተገኘው ነጻነት በመጣ በአራተኛው ክረምት ነበር፤ እንዲህ ያለ ድል ሳይጻፍ ቢቀር ደግሞ ኃጢአት ነውና እነሆ።

ነገሩ የጀመረው ላፕቶፕ የመጣ ዕለት ነው። አንድ የባሕር ማዶ ወዳጅ "ለአዲሲቱ አገር" ብሎ የላከው፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ጥቁር ኮምፒዩተር። ሥራ አስኪያጁ ኣቶ ረዘነ እንደ ትኩስ ድስት በጣታቸው ጫፍ ይዘውት ቆዩና፣ "ማን ይጽፍበታል?" ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ ኣብርሄት ዞረ። በዚያ ቤት አሥሩንም ጣቷን አሠርታ የምትጽፍ እሷ ብቻ ነበረች።

ኣብርሄት አርባን የተሻገረች፣ ዐሥራ አራት ዓመት በትግል ሜዳ የኖረች ሴት ናት። እሷና ጓደኞቿ ከሜዳ ሲገቡ ምን እንደሚሹ ሲጠየቁ፣ አንዷ ጓደኛዋ የስፌት መኪና፣ ሌላዋ ላም ስትል፣ እሷ "ሞተር ብስክሌት" አለች። ጠያቂዎቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ስለዚህ ሰጧት። ጠዋት ጠዋት የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ በዚያች ቀይ ሞተር ታደርሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ትጽፋለች፤ ማታ በዚያችው ሞተር ከከተማው ወጣ ወዳለችው መንደሯ ወደ ዓዲ ጓዕዳድ ትገባለች። የሰፈሯ አሮጊቶች መጀመሪያ አማተቡባት፤ በሁለተኛው ወር ወፍጮ ቤት እንድታደርሳቸው ወረፋ ያዙ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኣቶ ኣስፋው ደግሞ ወረቀት የማያባክኑ ሰው ናቸው። ሕንጻው ዱሮ የእህል መጋዘን ጽሕፈት ቤት ነበርና፣ ያለፈው መንግሥት ሲሸሽ ሦስት ካርቶን ሙሉ ቅጽ በአማርኛ እንደታተመ ጥሎላቸው ሄዷል። ኣቶ ኣስፋው ራስጌውን በእስክሪብቶ እየሰረዙ ወንበሩንም፣ መብራቱንም፣ ሠራተኛውንም በዚያ ቅጽ ይመዘግባሉ። ላፕቶፑም እንደ ወጉ ተመዘገበ። የእህሉ ዓይነት፦ ላፕቶፕ። ብዛት፦ አንድ። ክብደት፦ ሦስት ኪሎ ተኩል። ደረቅ መሆኑ፦ ተረጋግጧል። ነቀዝ፦ የለበትም። ኣብርሄት ፈረመች። ከፊርማዋ በታች በደቃቅ ፊደል፣ "ፈራሚውና እህሉ አይለያዩም" የሚል ነበር።

"ይህ ምን ማለት ነው?" አለች።

"ሲመሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ ማለት ነው፣" አሉ ኣቶ ኣስፋው።

"ለምሳስ ስወጣ?"

"ምሳ መለየት አይደለም እንዴ?"

"ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈንበት ብንሄድስ?"

"ኣብርሄት ሓብተይ፣ እኅቴ፣ ቅጹ ምን ይላል?"

"ቅጹ እኮ የሚያወራው ስለ ማሽላ ነው!"

"ማሽላ ይሰረቃል? ይሰረቃል። ላፕቶፕ ይሰረቃል? ይሰረቃል። ታዲያ ልዩነቱን አሳዪኝ።"

ኣብርሄት ላፕቶፑን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ለእንዲህ ያለ ጥበብ መልስ የሚሰጥ ሰው ገና አልተወለደም።

እንዲህ ሆኖ ላፕቶፑ በቀን አራት ጊዜ በሞተር መሄድ ጀመረ፤ ጠዋት መምጣት፣ ለምሳ መሄድ፣ ከምሳ መመለስ፣ ማታ መግባት። ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ የአስመራን ጎዳና የሚያውቀው እሱ ሆነ። ሰኔ ሲያልቅ ዝናቡ መጣ። የአስመራ ዝናብ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ይመስል ሰዓት ያከብራል፤ ሰው ምሳውን በልቶ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ሲመለስ እሱም ሥራውን ይጀምራል።

ኣብርሄት አልደነገጠችም። ሜዳ ሳለች በጎርፍ የሞላ ወንዝ ራዲዮ ተሸክማ ተሻግራለች፤ ራዲዮው ማዶ ሲደርስ እየዘፈነ ነበር። ላፕቶፑን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ በሁለት ፌስታል ከተተችው፤ አንዱን አፉን ወደ ላይ፣ ሌላውን አፉን ወደ ታች። በጎማ ክር አሠረችውና ከዝናብ ልብሷ ሥር ደረቷ ላይ ሸጎጠችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብታ አልነካውም። ዘዴው አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ስብሰባ አልተደረገበትም።

አንድ ቀን ኣቶ ረዘነ ፌስታሉን አዩ።

"ምንድን ነው ይህ?"

"ላፕቶፑ ነው።"

"የሕዝብ ንብረት በሽንኩርት ፌስታል!" ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ቆመው የሚችሉት ሐዘን አልነበረም። "ሰው ቢያይሽ ምን ይላል?"

"ሽንኩርት ነው ይላላ! ሌባም አይነካው።"

በዚያው ሰዓት የንብረት ከዝናብ መከላከያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበር ኣቶ ረዘነ፣ ጸሐፊ ኣቶ ኣስፋው፣ ሰፊውን ሕዝብ የሚወክሉት ደግሞ የበር ጠባቂው ኣቦይ ዓንደማርያም። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው" አሉ። ንግግሩ ልብ ይነካል። ሎሚዎቹን ተሸክማ ዝናብ ውስጥ የምትሄደው አንዲት ሴት መሆኗን ማንሳት ጨዋነት ስላልነበረ ማንም አላነሣም።

ኮሚቴው አራት ቀን ከመከረ በኋላ ዝናብ የሚመጣው ከላይ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ።

"ከታችም ይመጣል፣" አለች ኣብርሄት በር ላይ ቆማ። "ጎማው ይረጫል።"

"እሱ አጀንዳው ውስጥ የለም፣" አሉ ኣቶ ኣስፋው።

ውሳኔው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ለላፕቶፑ ውሃ የማያስገባ የብረት ሣጥን ይሠራለታል፤ ሦስት ቁልፍ ይኖረዋል፤ ሦስቱን ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ይይዛሉ። በገባ ቁጥርም ቅጹ እንደሚያዘው በሩ ላይ ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይመዘናል፣ ይፈረምበታል። ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ አንዲት ጠብታ ብትነካው፣ ኣብርሄት የሞተሯን ቁልፍ አስረክባ ምድር ቤት ያለው መዝገብ ቤት ትገባለች።

ኣብርሄት ጆሮዋ የአውሮፕላን ቦምብ የለመደ ነው። "ምድር ቤት" የሚለውን ግን አልለመደም። መስኮት የሌለው ክፍል፤ አቧራ፤ ከዚያ ዓዲ ጓዕዳድ ድረስ በእግር። ያቺን ቀይ ሞተር የሰጣት ሰው አልነበረም፤ የሜዳ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው የሰጣት። አሁን በጠብታ ሊወስዱባት ነው።

ሣጥኑን ለማሠራት ወደ ቀጥቃጮቹ ገበያ ወደ መደበር ሄደች። እዚያ ከአሮጌ ቆርቆሮ የማይሠራ ነገር የለም። ተመልሶ የሚባል ቀጥቃጭ መዶሻውን አስቀምጦ ሰማት።

"ምን ይገባበታል?"

"ኮምፒዩተር።"

"ምን ይበላል?"

"ምንም አይበላም።"

"እንግዲያው መተንፈሻ አያሻውም፣" ብሎ የበርሜል ብረትና የዘይት ጣሳ አገጣጥሞ በየመጋጠሚያው ሬንጅ ለቀለቀ፤ የክዳኑን ዙሪያ በመኪና ጎማ ለበጠው። "እንቺ ሓብተይ። ምጽዋ ላይ ባሕር ውስጥ ብትጥይው ጂዳ ሄደሽ በደረቁ ታነሺዋለሽ።"

ሣጥኑ ባዶውን ዐሥራ አምስት ኪሎ መዘነ። ከሞተሩ ኋላ ሲታሰር የፊት ጎማው ዳገት ላይ እንደ ሰልፍ ፈረስ ተነሣ። ፌርማታ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ፣ "እልልል! ሙሽራ መጣች!" እያለ አጀባት። ጥርሷን ነክሳ ነዳች።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ኣቶ ረዘነ የሣጥኑን ሁለተኛ ሳምንት በዓል አሰናዱ። ላፕቶፑ ደርቆ ለሠራተኛው ይታያል፤ ሻሂ ይጠጣል፤ ንግግር ይደረጋል። እስከዚያ ቀን ኣብርሄት ዝናቡን በጥቂት ደቂቃ እየቀደመች በሩ ላይ ትደርስ ነበር፤ በዚያ ሐሙስ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ከምሳ ስትመለስ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነው፤ ሰው ውሻውን እንኳ አያስወጣበትም። በሩ ላይ ደርሳ ጡሩምባ ነፋች።

"ኣቦይ ዓንደማርያም! በሩን ይክፈቱልኝ፣ ውስጥ ሆነን እንየው!"

"ኣይፋል ጓለይ፣ አይሆንም ልጄ፣ ሳይታይ አይገባም!"

"እየዘነበ እኮ ነው!"

"ታዲያ ዝናብ እንዳልነካው ልናይ አይደል የምንከፍተው? ባይዘንብ ምን ያስከፍተናል?"

ይህ ነገር ትክክል ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ኣቶ ረዘነና ኣቶ ኣስፋው በየጃንጥላቸው ሥር ሆነው ደረሱ። ጃንጥላው ለኮሚቴው አባላት የተፈቀደ ስለሆነ ሣጥኑ ከውጭ ቀረ። ሦስቱ ቁልፎች ተራ በተራ ገቡ፤ የኣቦይ ዓንደማርያም የተገኘው ሦስተኛው ኪስ ውስጥ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ኣብርሄት የዝናብ ልብሷን አውልቃ እንደ ድንኳን ዘረጋችበት።

"ፈቀቅ በይ፣ ኣብርሄት፣" አሉ ኣቶ ረዘነ። "ብርሃን ጋረድሽ።"

"ኧረ ዝናቡ ይገባበታል!"

"ሥራ አታደናቅፊ።"

ፈቀቅ አለች። ኣቶ ኣስፋው ጣታቸውን ሣጥኑ ውስጥ ሰደዱና፣ "ደረቅ!" ብለው አወጁ። በዚያች ሰከንድ እውነት ነበር። ቀጥሎ ነቀዝ ነው። ነቀዝ የማየት ኃላፊነት የኣቦይ ዓንደማርያም ነው፤ ዓይናቸው ደግሞ ከጣልያን ዘመን ጀምሮ የደከመ ነው። ላፕቶፑን እንደ መጽሐፍ ገልጠው፣ በፊደላቱ መካከል አንድ በአንድ ፈለጉ፤ ዝናቡም አብሯቸው ፈለገ። "የለበትም፣" አሉ በመጨረሻ። ሚዛን ላይ ወጣ።

"አራት ኪሎ ከሩብ፣" አሉ ኣቶ ኣስፋው።

"ጨመረ?"

"ጨመረ።"

ኣቶ ረዘነ ትንሽ አሰቡ። "የሚያስጠይቀው መቀነስ ነው። መጨመር የመልካም አያያዝ ውጤት ነው፤ እንደዚያው ይጻፍ።"

ተጻፈ። ሦስቱም ፈረሙ፤ ማኅተሙም አረፈ። ሣጥኑ ተዘጋ፤ ሦስቴ ተቆለፈ። ቀጥቃጩ ተመልሶ ለቃሉ የታመነ ባለሙያ ነውና፣ ያ ሣጥን ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ አላሳለፈም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠራተኛው አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተከፈተ። ላፕቶፑ ልክ እንደ ተጠመቀ ሕፃን ውሃው ውስጥ ተኝቷል። ሻሂ የያዘ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ሳያወርድ ቀረ።

ኣቶ ረዘነ መዳፋቸውን ወደ ኣብርሄት ዘረጉ። "የሞተሩን ቁልፍ።"

ኣብርሄት እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ቁልፉ ሞቋል። አንድ ጊዜ ጨበጠችው። ከዚያ ወደ ንብረት ክፍሉ ኃላፊ ዞረች።

"ኣቶ ኣስፋው፣ የዛሬውን ቅጽ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ። እኔ ዓይኔ ውስጥ ዝናብ ገብቷል።"

ኣቶ ኣስፋው ቅጽ አንብቡ ተብለው እምቢ ብለው አያውቁም። "የእህሉ ዓይነት፣ ላፕቶፕ። ደረቅ መሆኑ..." ድምፃቸው ቀጠነ። "...ተረጋግጧል።"

"መቼ?"

"ዛሬ። ስምንት ሰዓት ከሩብ።"

"ስንት ሰው ፈረመበት?"

"ሦስት።"

"እነማን ናቸው?"

ኣቶ ኣስፋው ወደ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ጎንበስ አሉ። ሹክሹክታ ነበር፤ ነገር ግን አዳራሹ ፀጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማው።

"እርጥብ ነው ካልን ሦስታችን በሐሰት ፈርመናል።"

"ደረቅ ነው ካልንስ?"

"ደረቅ ነው።"

የኣቶ ረዘነ እጅ አየር ላይ ቆየና፣ የመጣበትን ሥራ ረስቶ የገዛ ራሳቸውን ራሰ በራ ዳሰሰ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ላፕቶፑን ከውሃው አውጥተው ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት።

"የተከበራችሁ ሠራተኞች! ይህ የምታዩት ላፕቶፕ... ደረቅ ነው!"

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀ። ከላፕቶፑ የወረደው ውሃ መጀመሪያ እጅጌያቸው ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ ራሰ በራቸው ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። ኣቶ ረዘነ ቀና ብለው ተመለከቱ። ደረቅ ላፕቶፕ እንደማይንጠባጠብ ደግሞ ልጅም ያውቀዋል።

"ጣሪያው ያፈሳል!" አሉ።

ከአዳራሹ በላይ ሁለት ፎቅ ነበር። ቢሆንም ኮሚቴው እዚያው ቆሞ ወሰነ፤ ከላይ ለሚኖሩት ባልቴት ለወይዘሮ ብርክቲ፣ ከወለላቸው የሚወርደው ውሃ ደረቅ ንብረት እያበላሸ ስለሆነ እንዲያቆሙ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይድረሳቸው። ላፕቶፑ ደረቅ ቢሆንም አልሠራ ስላለ ኣብርሄት በዱሮው የጽሕፈት መኪና ጻፈችው። ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው በሞተር ብቻ ነው የሚል መመሪያ ስላለም፣ ቀይ ሞተሯን አስነሥታ፣ ሕንጻውን አንድ ጊዜ ዞራ፣ በጓሮ በር አቁማ ደረጃውን ወጣች።

ወይዘሮ ብርክቲ ደብዳቤውን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ኣብርሄትን እጇን ይዘው ወደ ማድ ቤት ወሰዷትና ቧንቧውን ከፈቱት። ቧንቧው እንደ ጉንፋን በሽተኛ ሳለና ዝም አለ።

"ቧንቧው ውሃ ከተፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ጓለይ፣" አሉ። "አለቆችሽን በጣም አመስግኚልኝ። እነሱ ጋ ይህን ያህል ከተረፈ፣ እባካቸው አንድ ጀሪካን ይላኩልኝ።"