ዋይፋዩን ያጠፋሁ ዕለት

የዲላ ሰላምታ ረጅም ነው። ከአቅራቢያችን ከጪጩ የመጣ ሰው ቤቱን፣ ከብቱን፣ ቡናውን ሳትጠይቁት ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ ብታቻኩሉት ይቀየማችኋል። በይነመረብም እንደኛ ነበር አሉ። ኮምፒውተር የሚያስተምረው ተከራያችን እንደነገረኝ፣ ስልክና በሩቅ ያለው ማሽን ነገር ሳይጀምሩ «አለህ?» «አለሁ፤ ሰማኸኝ?» «ሰማሁህ» ይባባሉ ነበር። አሁን «ኩዊክ» የሚሉት አዲስ መነጋገሪያ መጥቶ፣ ለሚያውቀው ሰው ሰላምታውንም ጉዳዩንም በአንድ ትንፋሽ ያደርሰዋል። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝና ራሴን ነቅንቄ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ይሆንልኛል።

ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም መርዶው እስኪደርስ እትዬ ዘነበችን እንድጠብቅ የተመረጥኩት። የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ዋይፋይ የሚጠቀሙት ከእኛ ነው። ደጋው ላይ፣ ቡሌ የሚኖሩት ወንድማቸው በዋዜማው ምሽት ዐርፈው ነበር። መርዶ ነጋሪዎቹ ጎህ ሲቀድ ሊደርሱ ሲገባ መኪናቸውን ጭቃ ያዘው። ፀሐይ ወጣች።

«የቡሌ ልጆች የሟቹን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ለጥፈዋል» አለኝ ባለቤቴ በሹክሹክታ። «ሰው እያለ ስልክ እንዳያረዳቸው!»

ዋይፋዩን አጠፋሁና ልጄን አዝዬ እሳቸው ቤት ገባሁ። እትዬ ስብከት ከፍተው ስልካቸውን ይነካካሉ። አሁን ይቋረጣል ብዬ ጠበቅሁ። የሰባኪው ትንፋሽ እንኳ አልተቆረጠም። ለካ የሲም ካርዳቸውን ዳታ ረስቼዋለሁ! ተከራያችን እንዳለው፣ ድሮ መንገዱ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲቀየር ወሬው ተቋርጦ እንደ አዲስ «አለህ?» ይባል ነበር፤ ይሄ ኩዊክ ግን በየትኛውም በር ብትወጡ ያውቃችኋል።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ተቀመጪ እንጂ» አሉኝ፣ ጣታቸው መስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ።

ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

ፊታቸው ምንም አላለም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፉት፤ ሰባኪው እንደተደፋ መናገሩን ቀጠለ። «ዛሬ ይበርዳል» አሉና ነጠላቸውን ተከናነቡ።

መርዶ ነጋሪዎቹ ሽማግሌዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ። እትዬ አንድ በአንድ ሳሟቸው። ቤቱን ጠየቁ፤ ከብቱን ጠየቁ፤ እንሰቱን ጠየቁ። በመጨረሻ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ወንድሜስ ደህና ነው?» አሉ።

አንደኛው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ የጮኹት ያን ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ቀን እጃቸውን ሳስታጥባቸው፣ «አይተውት ነበር አይደል?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ዝም በይ፣ አንቺ! ያን ሁሉ ጭቃ ረግጦ ለመጣ ሰው፣ ሰምቻለሁ ይባላል?»

ቤቴ ገብቼ፣ እስከዚያ የረሳሁትን ዋይፋይ መልሼ አበራሁት። ከግድግዳው ወዲያ ስልካቸው ወዲያው አወቀው። ደህና ሰነበትህ እንኳ አልተባባሉም።