የዶክተር ኬምፓ ረብሻ

ጥፋት ሁሉ ከሌላ ሰው እንደሚመጣ ያመነ አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በእናንተ ዘንድ መብራቱን ማን ሳያጠፋ እንደሄደ የሚያጣራው፣ መስኮቱን ማን እንደከፈተ የሚያውጣጣው እሱ ነው። በእኛ፣ በፖላንድ ቶሩን ከተማ ባለው ቤተ ሙከራ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ዶክተር ቼስዋቭ ኬምፓ ናቸው።

ሥራችን ገላ ሳይነኩ የልብን መግነጢሳዊ ምስል ማንሳት ነው። አውራ ጣት በምታክል ብልቃጥ ውስጥ ሩቢዲየም የሚባል ንጥረ ነገር ተን ታሽጓል፤ ሌዘር ይበራበታል። አቶሞቹ የኳንተም ጠባያቸው ሆኖ ኢምንት መግነጢስ እንኳ ሲነካቸው ዘንበል ይላሉ፤ እኛም በጎረቤት ክፍል መዘንበላቸውን ስክሪን ላይ በመስመር እናየዋለን። ጣጣው አቶሞቹ ሁሉን ነገር መስማታቸው ነው። ቁልፍ ይሰማሉ፣ የቀበቶ ዘለበት ይሰማሉ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ትራም ይሰማሉ። ስለዚህ የብልቃጡ ሳጥን ወደተቀመጠበት ክፍል ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ወንበሩ ያለ ምስማር የተሠራ ነው። ክቡርነታቸውም ሱሪያቸውን የሚያስሩት በገመድ ነው።

መስመሩ ከተንቀጠቀጠ «ማነው የተነፈሰው?» ይላሉ። አንዴ የዩስቲናን ዚፕ ከሰሱ። ዩስቲና ከሁላችንም በዕድሜ የምታንስ ተመራማሪ ናት። እኔንም አፌን አስከፍተው የጥርሴን ሙሌት በባትሪ መርምረውታል። አሳንሰር ደመኛቸው ስለሆነ አራተኛ ፎቅ የሚወጡት በደረጃ ነው። በየፎቁ ግድግዳ ይዘው ይቆማሉ። ምነው ሲባሉ፣ ረብሻ እያዳመጥኩ ነው ይላሉ።

ባለፈው ክረምት የሆስፒታል ሐኪሞች መሣሪያችንን አይተው ለእርጉዞች ምርመራ ይሁን አይሁን ሊወስኑ ቀጠሮ ያዙ። ልክ ያኔ መስመሩ አበደ። ይዘላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይንቀለቀላል። ክቡርነታቸው ሁላችንንም አባርረው ብቻቸውን ገቡ፤ ደረታቸውን ሳጥኑ ላይ አስደግፈው ዘብ ቆሙ። ባሰበት። ዩስቲና በድምፅ ማጉያው፣ ምናልባት የእርስዎ ልብ ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀች።

«ልጄ፣ ስንት ዓመት ልብ ሳይ ኖሬ» አሉ እየሳቁ። «ልብ ሥርዓት አለው። ይሄ ሰካራም ነው።»

«እስቲ ለአፍታ ይውጡ፣ ዶክተር።»

እሳቸውን ውጡ ያለ ሰው በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ጣራው የሚደረመስ መስሎኝ ነበር። ወጡ። መስመሩ ቀጥ አለ። ገቡ፤ ሰካራሙም አብሯቸው ገባ። እሳቸው ሲወጡ መስመሩ ሲረጋ፣ ሲገቡ ሲያብድ ደጋግመን አየን። ሦስታችንም የልብ ምስል ስናነሳ የኖርን ሰዎች ነን፤ ያንን ልብ ግን ልብ መሆኑን እንኳ አላወቅንም።

«ልብ ሥርዓት አለው» አሉ እንደገና፤ አሁን ግን በሹክሹክታ።

ዩስቲና ኮታቸውን አቀበለቻቸው። «የእርስዎ የለውም» አለች።

የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ተኙ። በየፎቁ ያስቆማቸው ረብሻ ሳይሆን መቆም የለመደ ልባቸው ኖሯል። ሐኪሞቹ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። መሣሪያውን በቀጠሮው ቀን መጥተው ማየት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ለእርጉዞች ይሁን ብለው ወሰኑ።

እሳቸው ባልነበሩበት ሰሞን መስመሩ ጥርት ብሎ ነበር። ማንም ሥራ አልሠራም።

አሁን ተመልሰዋል። ከደረታቸው ሥር ልብ የምታስተካክል ትንሽ መሣሪያ ተቀብራለች። ብረት ናት። ስለዚህ በገዛ ደንባቸው ሳጥኑ ወዳለበት ክፍል መግባት ተከልክለው፣ ምስማር የሌለው ወንበር ኮሪደሩ ጥግ ተቀምጦላቸዋል። እዚያ ሆነው ጆሯቸውን ያቆማሉ።

እኔም ጠዋት ጠዋት በሩ ጋ ስደርስ ሆን ብዬ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። «ማነው የተነፈሰው?» እስኪሉ ድረስ አልፌ አልገባም።