ያልተገደበው ጥቅልና አንዲት ሚስኮል

የስልክ ኩባንያዎችን ተፎካካሪያችሁ ማን ነው ብትሏቸው እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። እኔ ሮቤ ላይ ሲም ካርድና ጥቅል እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝና ልንገራችሁ፦ ተሳስተዋል። በቅርቡ ጎባ ላይ ሻጮችን ሰብስበው ሲያሠለጥኑን፣ ከረባት ያሰረው አሠልጣኝ "አጭር መልእክት ሞቷል፤ ሰው በኢንተርኔት መደዋወል ስለጀመረ ድምፅም እያጣጣረ ነው፤ የወደፊቱ እንጀራችን ዳታና በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ ነው" አለን። ልክ ነው። ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት፤ የቀረበልኝንም ለስላሳ ጠጣሁ። ስለ ሚስኮል ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስብሰባው ተበተነ።

እኛ ዘንድ ሚስኮል ያመለጠ ጥሪ እንዳይመስላችሁ። ታስቦበት የተላከ መልእክት ነው። ስልኩ አንዴ ጠርቶ ዝም ሲል "ደርሻለሁ" ማለት ይሆናል፣ "ውጣ" ማለት ይሆናል፣ "ካርድ የለኝም፣ አንተ ደውል" ማለትም ይሆናል፤ የቱ እንደሆነ ላኪና ተቀባይ ያውቁታል። ማንሳት ነውር ነው። ኩባንያው ማማ ተክሎ፣ ነዳጅ ቀድቶ ያደረሰው ይህ ሁሉ ወሬ ሰባራ ሳንቲም አያስገባለትም። ስለዚህ ያልተገደበው የድምፅ ጥቅል ሲመጣ "የሚስኮል ዕድሜ አከተመ!" ብዬ ፎከርኩ። መጀመሪያ የሸጥኩትም ለአጎቴ ለጋሽ ቱሉ ነበር።

ጋሽ ቱሉ ሲናና ውስጥ ስንዴ ያመርታሉ። የዓመት ልፋታቸው የሚለየው ኮምባይነሩ በሚመጣበት ቀን ነው። ማሽኑ ከማሳ ማሳ እየዞረ ያጭዳል፤ መንታ መንገዱ ላይ የማሳው ባለቤት ቆሞ ካልጠበቀው ሾፌሩ ወደ ሌላው ያልፋል። ከእሳቸው በፊት የሚታጨድለት አማቻቸው ደረጀ ስለሆነ፣ ማሽኑ ከእሱ ማሳ ሲወጣ ሚስኮል ያደርጋል፤ እሳቸውም ወደ መንታው ይወጣሉ። ይህ ደንብ ስንት ዘመን ሳይዛነፍ ሠርቷል።

ያን ቀን ላግዛቸው ሄጄ ነበር። በጎባ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ስንዴው ደርቆ አንገቱን ደፍቷል። ዝናብ ካገኘው በቆመበት ይበቅላል፤ ዓመቱ ባዶ ሆነ ማለት ነው።

ስልኩ ጮኸ። አጎቴ አነሱት!

"አካም ጂርታ ደረጀ? ነጋ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?"

ልጆቹ ደኅና መሆናቸው ተጠየቀ፣ ከብቶቹ ተጠየቁ፣ ጎረቤቱም አልቀረ። ደረጀ አማች ነው፤ የሚስቱን አባት ሰላምታ እንዴት አድርጎ ያቋርጥ? ለእያንዳንዱ ይመልሳል። ሊቸኩል ሲሞክር አጎቴ "አይዞህ፣ አይቆጥርም! ያንተም ያልተገደበ ነው!" እያሉ ያረጋጉታል። በመጨረሻ ልጁ ቸገረው።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኮምባይነሩ ከእኔ ከወጣ ቆየ።"

ቀና ስንል አቧራው መንታውን አልፎ ወደ ጎሮ አቅጣጫ ይጎተታል። አጎቴ አልተቆጡኝም። ማሳቸውን አይተው "ዓመቴ ሄደ" አሉ ብቻ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እኔ ነኛ "እንደልብዎ ያውሩ" ብዬ የሸጥኩላቸው።

ለሾፌሩ ደወልን። አያነሳም። ደግመን ደወልን፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደመናው ይቀርባል። አጎቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቁና እንደ ድሮው አንዴ አስጠርተው ቆረጡት።

ብዙም ሳይቆይ ሾፌሩ ራሱ ደወለ።

"ያገሩ ሰው ሁሉ ያልተገደበ ገዝቶ ጆሮዬን በላው። ኪሴ ውስጥ ሲጮህ የሚውለውን ማየት ትቻለሁ" አለ። "ይቺ ግን አንዴ ጠርታ ዝም ስትል፣ የቸገረው ሰው ነው ብዬ አየሁ። መንታው ላይ ባጣዎት ሌላ ማሽን ያገኙ መስሎኝ ነው ያለፍኩት። የያዝኩት ማሳ ትንሽ ነው፤ ጨርሼ እመለሳለሁ፣ ጋሼ።"

ተመለሰ። አጎቴም መንታው ላይ ቆመው ጠበቁት። የመጨረሻውን ጆንያ ጎተራ አስገብተን በሩን ስንዘጋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር፤ ደስታዬን በጩኸት ነው የተወጣሁት።

"ጥቅሉን ላጥፋልዎት?" አልኳቸው፣ ጥፋተኛ ነኝና።

"ለምን ይጠፋል? ለሰላምታ እንደሱ ያለ አልተሠራም" አሉኝ።

እኔም መሸጤን አልተውኩም፣ አልተውምም። ቴክኖሎጂው ይለወጣል፣ ጥቅሉም ስሙን ይቀይራል፣ ሰዉም ይለምደዋል፤ ይህን የምላችሁ በሙሉ ልቤ ነው። የሚቀጥለው ሥልጠና ላይ ግን እጄን አወጣለሁ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የአጎቴ ስልክ አንዴ ጠርቶ ዝም አለ። ደረጀ ነው፦ "ከዝናቡ ቀደማችሁ?" ማለቱ ነው። አጎቴም አላነሱ። ጎተራውን አየት አደረጉና መልሰው ደወሉለት፤ አንዴ ጠራ፣ ቆረጡት።

ጨዋታው አለቀ። ኩባንያው አንድ ነገር አላገኘበትም። እኔም።